ጀበናና ኮፊ ሜከር፦ ማሽኑ የሰጠንና የማይሰጠን

ስለ ቡና ሲነሳ እኛ ኢትዮጵያውያን ባለቤትነታችንን ማስታወስ ይቀናናል። ቡና ከእኛ ወጣ፣ ዓለም ከእኛ ተማረ እንላለን። ነገሩ እውነት ነው፤ የዓረቢካ ቡና የተፈጥሮ መነሻ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑን ሳይንስም ይመሰክራል። ይሁን እንጂ በስደት ኑሯችን ከሰኞ እስከ ዓርብ የምንጠጣውን ቡና ብንመረምር፣ አብዛኛው ከጀበና የተቀዳ አይደለም። ወይ ከመኪና ሳንወርድ በወረቀት ኩባያ የተቀበልነው ነው፤ ወይ ደግሞ ወጥ ቤታችን ጥግ ላይ ከተቀመጠው ኮፊ ሜከር የተንጠባጠበ ነው። ስለ ጀበና ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተዘፍኗል። በየማለዳው ስለሚያገለግለን ማሽን ግን ቁም ነገር ብሎ የሚጽፍ እምብዛም የለም።

እኔ በምኖርበት በኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ ከ300 ዶላር በላይ አውጥቶ ጥሩ ኮፊ ሜከር የገዛ ሐበሻ ሁለት ወቀሳ ይደርሰዋል። አንደኛው የገንዘብ ነው፤ «ውሃ ለሚያሞቅ ዕቃ ይህን ያህል ብር?» የሚል። ሁለተኛው የባህል ነው፤ «ጀበናውን ጥለህ የፈረንጅ ማሽን አመለክህ» የሚል። ሁለቱም ወቀሳዎች በቂ መልስ ይገባቸዋል። መልሱን ለመስጠት ግን ማሽኑ ምን እንደሚሠራ፣ ጀበናውስ ምን እንደሚሠራ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከክሊቭላንድ እስከ ሆላንድ

ነገሩ ለእኛ ለኦሃዮ ነዋሪዎች ከምናስበው በላይ የቅርብ ታሪክ አለው። የወረቀት ማጣሪያን እ.ኤ.አ. በ1908 ያስመዘገበችው የድሬስደን ከተማ የቤት እመቤት ሜሊታ ቤንትዝ ናት። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የመጀመሪያውን የሚያንጠባጥብ ቡና ማፍያ ደግሞ ጀርመናዊው ጎትሎብ ቪድማን በ1954 ዊጎማት በሚል ስም አስመዘገበ። በአሜሪካ ቤቶች ውስጥ በሰፊው የገባው ግን ሚስተር ኮፊ ነው። እሱም በ1972 ከኮሎምበስ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል በምትርቀው በክሊቭላንድ አካባቢ ተወለደ። ነጋዴዎቹ ቪንሰንት ማሮታና ሳሙኤል ግሌዘር፣ ቀድሞ በዌስቲንግሃውስ ይሠሩ የነበሩትን ኤድመንድ ኤብልንና ኧርዊን ሹልዝን ቀጥረው ንድፉን አሠሩ፤ ዝነኛውን የቤዝቦል ተጫዋች ጆ ዲማጂዮን ደግሞ በቴሌቪዥን አስተዋዋቂነት አቆሙ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነጥብ አለ። ከሚስተር ኮፊ በፊት የአሜሪካ ቤተሰብ ቡናውን የሚያፈላው በአብዛኛው በፐርኮሌተር፣ ማለትም የፈላውን ቡና መልሶ መላልሶ በዱቄቱ ላይ በሚያዞር ዕቃ ነበር። እነሱም በተራቸው የሚፈላውን ትተው ወደሚንጠባጠበው ተሸጋግረዋል ማለት ነው። ዕቃ መለወጥ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም።

ዛሬ ውድ ከሚባሉት መካከል በይበልጥ የሚታወቀው የሆላንዱ ሞካማስተር ነው። ጄራርድ ክሌመንት ስሚት በ1964 ባቋቋመው ቴክኒቮርም በተባለው ኩባንያ ከ1968 ጀምሮ ይመረታል። ስሙ ውስጥ ያለችው «ሞካ» የየመኗ የሞካ ወደብ ናት። የእኛና የየመን ቡና ወደ ዓለም የወጣው በዚያ በኩል ስለነበር የወደቡ ስም የቡና ስም ሆኖ ቀረ። ከእሱ ሌላ ብሬቪል፣ ራቲዮ፣ ከ2024 ወዲህም ፌሎው የተባሉት ድርጅቶች ተመሳሳይ ደረጃ ያላቸው ማሽኖች ይሸጣሉ።

ውዱ ማሽን በምን ይለያል?

ልዩነቱ በመብራቱና በቁልፉ ብዛት አይደለም። ሞካማስተር አንድ ወይም ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው ያለው። ልዩነቱ በውሃው ሙቀትና በጊዜው ላይ ነው። ቡና ለመጣራት ከ92 እስከ 96 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት ይፈልጋል። ውሃው ከዚያ ከቀዘቀዘ ኮምጣጣና ቀጭን ይሆናል። ርካሹ ማሽን የማሞቂያ ኃይሉ አነስተኛ ስለሆነ የመጀመሪያው ውሃ ገና ሳይግል ዱቄቱ ላይ ይወርዳል። ሞካማስተር ግን ከመዳብ የተሠራና ከ1,400 ዋት በላይ የሚስብ ማሞቂያ ስላለው ውሃውን ወዲያው ወደ ተፈላጊው ሙቀት ያደርሰዋል፤ 1.25 ሊትሩንም ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ውስጥ አጣርቶ ይጨርሳል።

አሁን አንድ ደስ የሚል የተፈጥሮ ጉዳይ ላንሳ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት ቀላል ነው፤ ውሃ የሚፈላውም በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ኮሎምበስ ግን ከፍታዋ 240 ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ99 ዲግሪ ገደማ ነው። እንግዲህ የሆላንድ መሐንዲሶች በመዳብ ማሞቂያ ያገኙትን ሙቀት፣ እናቶቻችን ከሰል ላይ በተጣደ ጀበና ከፍታው በነጻ ይሰጣቸው ነበር። እዚህ አገር ምድጃ ላይ የተጣደ ጀበና «እንደ አገር ቤት አይጣፍጥም» ስንል ነገሩ ሁሉ ናፍቆት ብቻ አይደለም። ዱቄቱ በ7 ዲግሪ ያህል በሚበልጥ ሙቀት ሲንተከተክ ምሬቱን ይበልጥ ያወጣል።

ገንዘቡን በተመለከተ ሒሳቡ አጭር ነው። በየቀኑ በ3 ዶላር የወረቀት ኩባያ ቡና የሚገዛ ሰው በአራት ወር ውስጥ የማሽኑን ዋጋ ያወጣዋል። አንድ ጊዜ ለማፍላት የሚፈጀው መብራት ከ0.15 ኪሎ ዋት ሰዓት አይበልጥም። በተጨማሪም ሞካማስተር የአምስት ዓመት ዋስትና አለው፤ ክፍሎቹም ተለያይተው ስለሚሸጡ ሲበላሽ ይጠገናል እንጂ አይጣልም።

በኮሎምበስ ቤት ውስጥ አያያዙ

ማሽኑን ገዝቶ ማስቀመጥ ብቻ ግን ጥሩ ቡና አያስገኝም። ማሽኑ የሚያስተካክለው ሙቀቱንና ጊዜውን ነው፤ የቀረው የባለቤቱ ኃላፊነት ነው።

መጀመሪያ ውሃው። የመካከለኛው ኦሃዮ መሬት የኖራ ድንጋይ የበዛበት ነው። ከተማው ውሃውን አክሞና አለስልሶ ቢያከፋፍለውም፣ በሻይ ማፍያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ቀስ በቀስ በማሽኑ ቧንቧም ይጋገራል። ስለዚህ በየሦስት ወሩ በሲትሪክ አሲድ ማጠብ ያስፈልጋል። አለዚያ ውሃው መንገዱ እየጠበበበት ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ማሽኑም ውድ ዋጋው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ለክሎሪኑ ሽታ ደግሞ ተራ የከሰል ማጣሪያ ያለው ጆግ በቂ ነው።

ሁለተኛው ቁሌቱ ነው። በክሊቭላንድ አቬኑና በሞርስ ሮድ አካባቢ ካሉት የምሥራቅ አፍሪካ ሱቆች ጥሬ ቡና ገዝቶ ቤት መቁላት የሚወድ ብዙ ነው። ቁሌቱ አፓርታማ ውስጥ የጭስ ደወል ያስጮኻል፤ በጥር ብርድ መስኮት መክፈትም ራሱን የቻለ ጀግንነት ነው። ለጀበና የምንቆላው እስኪጠቁርና ወዝ እስኪያወጣ ድረስ ነው። ለኮፊ ሜከር ግን ፍሬው እንደ ፈንዲሻ መንጣጣት ጀምሮ ሲያበቃ፣ ቡናማ መልክ እንደያዘ ብናወርደው ይሻላል። ከተቆላ በኋላም አንድ ሁለት ቀን ይረፍ። ትኩስ ቁሌት በውስጡ ብዙ ጋዝ ስላለው ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ አንዳንዴም ከማጣሪያው ሞልቶ ይፈስሳል። ለመቁላት ጊዜ የሌለው ከ1988 ጀምሮ በግራንድቪው የሚቆላውን ስቶፍስን፣ ወይም በ1991 የተቋቋመውን ክሪምሰን ካፕን የመሳሰሉ የከተማችን ቆዪዎች አሉለት።

ሦስተኛው አፈጫጨቱ ነው። በሙቀጫ የተወቀጠ ቡና ዱቄቱም ድቃቂውም የተቀላቀለ ነው። ለጀበና ይህ ችግር አይደለም፤ አተላው ይዘቅጣል፣ ከላይ ያለው ይቀዳል። በወረቀት ማጣሪያ ላይ ግን የላመው ይደፍነዋል፣ የሻከረው ሳይወጣለት ይቀራል። ስለዚህ በሚሽከረከር ምላጭ ከሚቆራርጠው ይልቅ በሁለት ጥርሳም ብረቶች መካከል እኩል አድርጎ የሚፈጨውን መፍጫ መያዝ ይገባል። በበኩሌ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃው ሰው መጀመሪያ ጥሩ መፍጫ፣ ቀጥሎ ጥሩ ማሽን ቢገዛ እመክራለሁ።

አራተኛው ልኩ ነው። ለአንድ ሊትር ውሃ ከ55 እስከ 60 ግራም ቡና የታወቀው መለኪያ ነው። ለሙሉ 1.25 ሊትር ከ69 እስከ 75 ግራም ይሆናል። ማሽኑ ላይ «10 ኩባያ» የሚለው ጽሑፍ አያታልለን፤ የእሱ ኩባያ 125 ሚሊ ሊትር ነው እንጂ እጀታ ያለው ትልቁ ማግ አይደለም። ደግሞም ቡናውን ማሞቂያው ላይ ግማሽ ሰዓት ካቆዩት ጣዕሙ መበላሸት ይጀምራል፤ የሚያቆይ ሰው ፔርሙዝ ያለውን ዓይነት ይግዛ።

ለጤናም አንድ ቃል ልጨምር። ሳይጣራ የፈላ ቡና ካፌስቶልና ካዌኦል የሚባሉ ቅባት ነክ ነገሮች አሉበት፤ እነዚህም የደም ኮሌስትሮልን ከፍ እንደሚያደርጉ በጥናት ተረጋግጧል። የወረቀት ማጣሪያ አብዛኛውን ያስቀረዋል። ኮሌስትሮላችሁ ከፍ ብሏል የተባላችሁ ወገኖች የዘወትሩን ቡና ከማሽኑ፣ የእሑዱን ከጀበናው ብታደርጉት አይከፋም።

ስሙን ያስከበርንለትን ጣዕም እናውቀዋለን?

አንባቢ ያስታውስ እንደሆነ፣ ኢትዮጵያ በ2005 ይርጋ ጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ አመልክታ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ጋርም ሰፊ ክርክር ተነሳ። ኦክስፋም በ2006 ዘመቻ ከፈተ፤ በሰኔ 2007 መንግሥትና ስታርባክስ ስምምነት ተፈራረሙ። በዚያን ጊዜ በውጭ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ብዙ ጮኸናል፣ ፊርማም አሰባስበናል። የተሟገትነውም ስሙ ዋጋ አለው፣ ዋጋውም ለገበሬው ሊደርስ ይገባል ብለን ነው።

ለመሆኑ ከመካከላችን ስማቸው ተሸፍኖ ሦስቱ ቡናዎች ቢቀርቡለት ይህ ይርጋ ጨፌ፣ ያ ሐረር ብሎ የሚለይ ስንቱ ነው? «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይሏል ይህ ነው። ጥፋቱ የምላሳችን አይደለም። ከጠቆረ ቁሌት፣ ከረጅም ፍልታና ከሁለት ማንኪያ ስኳር በኋላ የሁሉም ቡና ጣዕም ወደ አንድ ይጠጋል። ጀበናው የሚሰጠን ጠንካራና ደማቅ የሆነውን የቡናነትን ጣዕም ነው እንጂ የአካባቢን ጣዕም አይደለም። የታጠበ ይርጋ ጨፌ የአበባና የሎሚ ሽታ፣ በጀንፈሉ የደረቀ ሐረር የወይንና የበሰለ ፍራፍሬ ሽታ የሚያወጡት፣ ለስለስ ብለው ተቆልተው፣ በልካቸው ተፈጭተው፣ ሳይንተከተኩ ሲጣሩ ነው።

ማሽኑ ያስገኘልኝን ትልቁን ጥቅም ብጠየቅ የምመልሰው ይህንኑ ነው። በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ከረጢት ግዙ፤ አንድ የታጠበ፣ አንድ ያልታጠበ። በእኩል ግራም፣ በእኩል ውሃ፣ አንዱን ካንዱ ቀጥላችሁ አፍሉና ያለ ስኳር ቅመሱ። ከአንድ አገር፣ ምናልባትም ከአንድ ወረዳ የመጡ መሆናቸውን ለማመን ያስቸግራችኋል። በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናውን በአካባቢና በደረጃ እያደባለቀ ይሸጥ ስለነበር፣ የትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንዳዘጋጀው ማወቅ አዳጋች ሆኖ ቆይቶ ነበር። በ2017 ከተደረገው የሕግ ማሻሻያ ወዲህ ግን ከረጢቱ ላይ የጣቢያውንና የቀበሌውን ስም ማንበብ እየተለመደ ነው። ለዚያ ስም ጭማሪ የሚከፍለው ጣዕሙን የሚለይ ገዢ ነው። እኛ ካልለየነው የገበሬያችን ድካም ዳኛው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይሆናል።

ከ22 በመቶ በኋላ ያለው ቡና

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ወደ ሁለተኛው ወቀሳ ልመለስ። ማሽኑ ጀበናን ይተካል ወይ?

የቡና አጣሪዎች ሳይንስ እንደሚለው ከዱቄቱ ክብደት በውሃ ሟሙቶ ሊወጣ የሚችለው 30 በመቶ ገደማ ነው፤ ጥሩ ጣዕም የሚገኘው ግን ከ18 እስከ 22 በመቶው ሲወጣ ነው። ከዚያ ካለፈ የሚወጣው ምሬት ነውና ይቁም ይላል። ጥሩ ማሽንም እዚያው ላይ ያቆማል። የእኛ ሥርዓት ግን አቦሉ ከተቀዳ በኋላ በዚያው ዱቄት ላይ ውሃ ጨምሮ ቶና ይላል፤ እንደገና ጨምሮ በረካ ይላል። በጣዕም ሚዛን ከተለካ በረካ ስህተት ነው፤ የቀጠነ፣ የተሟጠጠ ቡና ነው። ታዲያ አያቶቻችን ጣዕም የማያውቁ ሰዎች ነበሩ? በፍጹም። ሦስተኛው ዙር የሚፈላው ዱቄቱ የሚሰጠው ስላለው አይደለም፤ ወሬው ስላላለቀ ነው። የተጣላው ገና ስላልታረቀ፣ ኀዘንተኛዋ ገና ስላልተጽናናች፣ ምርቃቱ ስላልደረሰ ነው። ለመሰነባበቻው ስም በረካ መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ ጀበና ሁለት ሥራ ይሠራ ነበር፤ ቡና ማፍላትና ሰው ማሰባሰብ። ሁለቱ ተጣብቀው ስለኖሩ አንድ ይመስሉን ነበር። ማሽኑ የመጀመሪያውን ወስዶ በ6 ደቂቃ ጨረሰው፤ ሁለተኛውን ግን ሊሠራው አይችልም፣ እሠራለሁ ብሎም ቃል አልገባም። ኮሎምበስ ውስጥ ከጎረቤት ጋር ቡና መጠራራት ከቀረ፣ ያስቀረው የሌሊት ፈረቃው፣ የሁለት ሥራው፣ የመንገዱ ርቀት ነው። ይህን በማሽኑ ማሳበብ «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» ይሆናል።

«ባህል ተነካ» ለሚሉም አንድ ማስታወሻ አለኝ። በሰሜኑ ክርስቲያን ዘንድ እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ ቡና መጠጣት የሚነቀፍ ነገር ነበር። ዛሬ ጥንታዊ አድርገን የምንቆጥረው ሥርዓት በብዙ ቤቶች የገባው ከዚያ ወዲህ ነው። ማኪያቶውም ከጣሊያን መጥቶ የእኛ ሆኗል፤ አዲስ አበባ ላይ ቶሞካ ከ1953 ጀምሮ የጣሊያን ማሽን አቁሞ ሲሸጥ ባህል አጠፋህ ያለው የለም። ባህል ዕቃውን ሲለውጥ አይሞትም፤ የሚሞተው ሥራውን ሲተው ነው።

የማን ድካም?

አንድ ነገር ሳላነሳ ብቀር እውነቱን ማድበስበስ ይሆናል። ስለ ጀበናው መረሳት አብዝተን የምናዝነው እኛ ወንዶች ነን። ጥሬውን የምትለቅመው፣ የምታጥበው፣ የምትቆላው፣ የምትወቅጠው፣ አንድ ሰዓት ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ሦስት ዙር የምትቀዳው፣ በመጨረሻም ስኒውን የምታጥበው ግን ሴቷ ናት። አገር ቤት ይህ ሥራ ለብዙዎች ከጎረቤት ጋር የሚገናኙበት ዕረፍትም ነበር። እዚህ ግን ሆስፒታል ውስጥ 12 ሰዓት ቆማ የመጣች እህት ነች ይህንኑ የምትጠበቀው። ማሽኑ ይህን ሸክም አራግፎላታል። ከዚህም በላይ፣ «ወንድ ልጅ ቡና አያፈላም» የሚለው ያልተጻፈ ሕግ ማሽኑ ላይ አይሠራም። ጀበና ነክቶ የማያውቅ አባወራ ሚዛኑ ላይ 60 ግራም ሲለካና ማጣሪያውን ሲያጥብ ይታያል። ይህ እንደ ቀላል ለውጥ የሚታይ አይደለም።

ስለዚህ የሚሻለው መንገድ ለእኔ ግልጽ ነው። የሥራ ቀኑን ቡና ለማሽኑ እንተውለት፤ በደንብ እንያዘው፣ የገበሬያችንንም ቡና በስሙ ለይተን እንግዛበት፣ ጣዕሙንም እንማርበት። ጀበናውን ደግሞ ለእሑድ፣ ለበዓል፣ ለለቅሶና ለእርቅ እናውጣው። ሲወጣ ግን ድካሙ የሁላችን ይሁን፤ ወንዱም ይቁላ፣ ልጆቹም ስኒ ያጥቡ። ጊዜው ጠቦ ጀበናው ባይደርስ እንኳ፣ ከማሽኑ የተቀዳውን በሲኒ አድርገን ጎረቤት እንጥራበት። እንግዳው የሚያስታውሰው በምን እንደፈላ ሳይሆን መጠራቱን ነው።

ቸር ይግጠመን።